ደሴ ላይ የሚያድር ወጥ ኮምቦልቻ ላይ አያድርም፦ ፍሪጅ ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

ደሴ ውስጥ ከከተማዋ በላይ ያለውን ተራራ እያሳየ «ጦሳ እያለ ፍሪጅ ለምኔ» የሚል ሰው አታጡም። ቀልድ ነው፣ ግን ጨርሶ ውሸት አይደለም። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ክረምት ላይ ጓዳው ራሱ ያቀዘቅዛል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ግን ጃኬት ይወልቃል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፣ ስለዚህ ደሴ ላይ እስከ ጠዋት ደህና የቆየ ሽሮ ኮምቦልቻ ላይ ማታውኑ ሊኮመጥጥ ይችላል። «ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጡ ነገሮች» እየተባለ በየቦታው የሚዞረው ዝርዝር ይህን አያውቅም። እኔ ሁለቱን ከተሞች እያሰብኩ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የደሴን ሰው ላስቀይም። የደሴ ብርድ የፍሪጅ ብርድ አይደለም። ፍሪጅ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፣ ፍሪዘር ደግሞ ከዜሮ በታች 18። ምግብ ውስጥ ገብተው ሆድ የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሀል ነው በደንብ የሚራቡት። ጓዳችሁ 14 ወይም 15 ዲግሪ ቢሆን እናንተን ያንቀጠቅጣችሁ ይሆናል፣ ባክቴሪያውን ግን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። ስለዚህ የበሰለ ምግብ፣ ሥጋና ወተት ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ የሚለው ደንብ ለደሴም ይሠራል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ በበጋ ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ማድቤት ይዛችሁ ይህን ሰዓት ባትጫወቱበት ይሻላል።

ሥጋ

ትልቁ ጣጣ የበዓል ሥጋ ነው። አረፋም ሆነ ፋሲካ፣ ቅርጫም ሆነ የራስ በግ፣ ሥጋው በአንድ ቀን ይመጣና ሁሉም ሰው ትኩሱን ሥጋ በትልቅ ፌስታል ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ይወረውረዋል። ያ ትልቅ ጉማጅ ከላይ ድንጋይ ሲሆን መሀሉ ለረጅም ሰዓት ሙቅ እንደሆነ ይቆያል፣ መሽተት የሚጀምረውም እዚያው ነው። ይልቅ በአንድ ድስት ልክ ከፋፍሉት። ፌስታሉ ውስጥ ጠፍጥፋችሁ በስሱ ዘርጉት፣ ቶሎ ይበርዳል፣ ለማሟሟትም ይቀላል። ላዩ ላይ ቀኑን ጻፉ። ዛሬና ነገ የምታበስሉት ታች ፍሪጁ ውስጥ ይቀመጥ፣ የቀረው ፍሪዘር ይግባ። ጉበትና ጨጓራ ቀድመው ይበላሻሉ፣ መጀመሪያ እነሱን ጨርሱ።

ሥጋ ከሌላው ምግብ በታች እንጂ በላይ አይቀመጥም። ደሙ ሰላጣ ላይ ወይም የተሠራ ወጥ ላይ ከተንጠባጠበ ጦሱ ለቤተሰቡ ሁሉ ነው። ስታሟሙትም ማታ ከፍሪዘር አውጥታችሁ ታች ፍሪጁ ውስጥ አሳድሩት፣ ቀኑን ሙሉ ሳፋ ውስጥ ውጭ አይዋል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ ፍሪጅ ኮሶ አይገድልም። ቀዝቅዞ ስለቆየ ጸድቷል ብሎ ነገር የለም።

ወሎ ነውና አንድ ግቢ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ። ፍሪጅ ያለው ጎረቤት የሁሉንም ሥጋ የሚያስቀምጥበት ቤትም ብዙ ነው። እትዬ እከሊት ደግ ናቸውና «ኧረ አስገቡት ልጆቼ» ይላሉ፣ ግን ሥጋው እንዳይነካካ ጥንቃቄው የእናንተ ነው። የየራሱ ክዳን ያለው ዕቃ፣ የየራሱ መደርደሪያ፣ ላዩ ላይ ስም። ጾም ሲሆንም የጾሙ ወጥ ከፍስኩ ጋር በአንድ ጭልፋ እንዳይነካካ ለየት ያለ ቦታ ስጡት። ይህ ይሉኝታ የሚያስይዝ ነገር አይደለም፣ በግልጽ ተነጋገሩበት።

ዓሣ ከሐይቅ ያመጣችሁ እንደሆነ ሆዱ ተጠርጎ በዚያው ቀን ፍሪጅ ይግባ፣ ቢበዛ በ2 ቀን ውስጥ ይበላ። ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር።

የተሠራ ወጥ

ትልቁን ብረት ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ መክተት ቦታ ይፈጃል፣ ሞተሩን ያለሥራው ያስለፋል፣ ወጡም ቶሎ አይቀዘቅዝም። በትንንሽ ዕቃ ገልብጡት፣ እንፋሎቱ ይውጣለት፣ ከዚያ ይግባ። «ትኩስ ምግብ ፍሪጅ ያበላሻል» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ላይ ማሳደር ግን የባሰ ስህተት ነው። ለብ ያለ ወጥ ቢገባ ፍሪጁ ምንም አይሆንም። ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ ስትበሉ ደግሞ የምትበሉትን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ እስኪንተከተክ አሙቁ። ድስቱን በየማታው እያወጡ ማሞቅና መመለስ የብዙ ቤት ልማድ ነው፣ እኔ አልወደውም፣ ምግቡ በየጊዜው በዚያ በአደገኛው ሙቀት ውስጥ ያልፋል።

ዶሮ ወጥ ላይ ሁልጊዜ ክርክር አለ። ቅቤው፣ በርበሬውና ረጅሙ መብሰል ከሌላው ወጥ ትንሽ ያስቆየው ይሆናል። ቢሆንም ውስጡ ያለው ሥጋና እንቁላል ነው፣ የዶሮ ወጥ ተአምር የለውም።

ለሠራተኛ እናቶች ደግሞ ፍሪጅ ዋናው ጥቅሙ ቁሌት ነው። እሑድ ሽንኩርቱን በብዛት አቁላልታችሁ በየዕቃው ከፋፍላችሁ ብታስቀምጡ ሳምንቱን ሙሉ እፎይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ታች ፍሪጁ ውስጥ፣ የቀረው ፍሪዘር። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዘይት አፍስሶበት ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፣ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ የሚያስከትል ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል፣ ሽታውም ላይለወጥ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በጥቂት ቀናት ይለቅ፣ ካልሆነ በትንንሹ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ።

ወተትና ዘመዶቹ

ከጎረቤት የተገዛ ወተት ይፈላ፣ ቶሎ ይቀዝቅዝ፣ ይግባ። ፍሪጁ በር ላይ አታቁሙት። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚሞቀው እሱ ነው፣ ፋብሪካዎቹ ለምን ጠርሙስ ማስቀመጫውን እዚያ እንደሚሠሩት አይገባኝም። በሩ ላይ ለስላሳ፣ ውሃ፣ ኬቻፕና ሰናፍጭ ይበቃዋል። እርጎ ውጭ ይረጋል፣ ከረጋ በኋላ ግን ካላስገባችሁት መኮምጠጡን ይቀጥላል። አይብ ውሃ ስላለው አይታመንም፣ ተከድኖ ይግባና በጥቂት ቀን ይበላ።

ቅቤ ሁለት ዓይነት ነው፣ አያያዙም ሁለት። ለጋው ፍሪጅ ይፈልጋል። በደንብ የተነጠረው አይፈልግም፣ ውሃው ተኖ ስላለቀ ባክቴሪያ የሚኖርበት ነገር የለውም፤ ኮምቦልቻ ላይ ይቀልጣል፣ ደሴ ላይ እንደ ሻማ ይደርቃል፣ ሁለቱም ደህና ነው። ብቻ እርጥብ ማንኪያ አታስገቡበት።

እንጀራና ዳቦ

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር እጣላለሁ። ሦስት ቀን የሚበላ እንጀራ ፍሪጅ ምን ያደርግለታል? ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ የሽንኩርት ሽታ ይይዛል። መሶብ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ሻጋታው ቶሎ ስለሚመጣ፣ ወይም በሳምንት አንዴ ብቻ የምትጋግሩ ከሆነ፣ የተወሰነውን አስገቡ። እንጀራው መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ካስገባችሁት ያልበዋል፣ በራሱ ላብ ይሻግታል። ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ያህል እየለያችሁ አየር እንዳይገባው ጠቅልሉ፣ ከመብላታችሁ በፊት ቀድማችሁ አውጡ። የሻገተውን ጫፍ ቆርጦ የቀረውን መብላት ይቅር፣ ሻጋታው ከምታዩት በላይ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።

ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል። ከተረፈ ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት፣ ከዚያ በመጥበሻ ማሞቅ ነው።

ፍሪጅ የማይወዱ

ድንች አይግባ። ብርዱ ውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፣ ሲጠበስ ቶሎ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይጣፍጥ ይጣፍጥ ይላል። ጨለማና ነፋሻ ቦታ ይቀመጥ፣ ብርሃን ሲመታው አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ደግሞ አይበላም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ደረቅ ቦታ ነው የሚወዱት፣ ግን ከድንች ጋር በአንድ ጆንያ አይሁኑ፣ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። የተቆረጠ ሽንኩርት ግን ተከድኖ ይግባ።

ሙዝ ይጠቁራል። ቲማቲም ጣዕሙ ይጠፋል፣ በጣም በስሎ ሊፈርስ ሲል ካልሆነ በቀር ውጭ ይቀመጥ። አቮካዶና ማንጎ ውጭ ይብሰሉ፣ ሲበስሉ ይግቡ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና ካሮት ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ደህና ናቸው፤ ሳይታጠቡ፣ በደረቅ ጨርቅ ወይም ወረቀት ተጠቅልለው።

ማር ጨርሶ አታስገቡ። አይበላሽም፣ ደሴ ላይ ደግሞ በራሱ ይረጋል፣ ማሰሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ብታቆሙት ይመለሳል። የፓልም ዘይትም ደሴ ላይ ብርድ ሲመታው ይረጋል፣ «ይሄ ዘይት ምን ተቀላቅሎበት ነው» እያላችሁ ባለሱቁን አትጨቅጭቁት፣ ተፈጥሮው ነው። ቡና ሽታ ይስባል፣ የተቆላም ያልተቆላም ውጭ በደረቅ ዕቃ ይሁን።

እንቁላል ደሴ ላይ ለጥቂት ቀን ውጭ ቢቀመጥ አብሽሩ። ኮምቦልቻ ላይ ይግባ። ሁለቱም ጋ ግን አጥባችሁ አታስቀምጡ፣ ቅርፊቱን የሚከላከለው ስስ ሽፋን ይለቃል። ልታበስሉት ስትሉ እጠቡት።

በርበሬ የብዙዎች ጥያቄ ነው። የዓመቱን አስፈጭታችሁ ከሆነ ለወር የሚሆነውን ውጭ አስቀሩ፣ የቀረውን በደንብ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ነቀዝ አይነካውም፣ ቀለሙም አይደበዝዝም። ስታወጡት ግን ወዲያው አትክፈቱት። ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠብቁ፣ አለዚያ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ እርጥብ በርበሬ ደግሞ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በማብሰል አይጠፋም። የተፈጨ ተልባም ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ፍሪጅ ይወዳል።

መድኃኒት

ኢንሱሊን ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። መሀለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከኋላ ግድግዳው ራቅ ብሎ። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣል። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ሙቀት በማይበዛበት ቦታ ውጭ ለ4 ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ የእናንተውን ፋርማሲስቱን ጠይቁ። በውሃ የሚበጠበጥ የልጆች አንቲባዮቲክ ሽሮፕም ብዙውን ጊዜ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ዕድሜውም እንደ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው። እንክብል ግን አይግባ፣ እርጥበቱ ያበላሸዋል። ባትሪም እንዲሁ፣ የሚያስገቡ ሰዎች አይቻለሁ፣ ምንም አይጨምርለትም።

መብራት ሲሄድ

መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ በሩን አለመክፈት ነው። ሳይከፈት ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት። ለዚህ ነው ባዶ ፍሪዘር የማይመከረው፤ ሥጋ ከሌላችሁ በሃይላንድ ውሃ ሙሉበት፣ አናቱን ትንሽ ጎደል አድርጋችሁ፣ ሲበርድ ያብጣልና። መብራት ሲሄድ ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉት፣ ሲመጣም 5 ደቂቃ ያህል ታገሡ። ኃይሉ ሲመጣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሞተር የሚያቃጥለው እሱ ነው፣ ስታቢላይዘር ከገዛችሁማ ግልግል።

ለጥቂት ቀን ከቤት ስትወጡ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አበርዱና ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ላይ ላዩን ካለ ምንም አልቀለጠም። ታች ሰምጦ በረዶ ከሆነ ግን እናንተ ሳታዩ ሁሉም ቀልጦ እንደገና በርዷል ማለት ነው፤ ሥጋው ድንጋይ ቢመስልም አውጥታችሁ ጣሉት።