ኒክ ካራዌይ ሆይ፣ ሰው መጠቀሚያ እንዳያደርግህ ልታስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ታላቁ ጋትስቢ» የተሰኘው የፍዝጄራልድ ልብ ወለድ በ1925 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጀምሮ አንባቢ የሚከራከረው ስለ ባለጸጋው ጋትስቢና ስለሚያፈቅራት ባለትዳር ስለ ዴዚ ነው። ለተራኪው ለኒክ የሚያዝን ጥቂት ነው። ከመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ወደ ኒው ዮርክ የመጣው ይህ የቦንድ ሻጭ፣ በ1922 በጋ የሁሉም ምስጢር ጠባቂ፣ አገናኝና አጃቢ ሆኖ አረፈው። ምክር ሰሚ ቢሆን የሚከተለውን እንለው ነበር።

አለመፍረድን እንደ ሙያ አትያዝ። አባትህ ሰውን ለመተቸት ሲቃጣህ ሁሉም ያንተን ዕድል እንዳላገኘ አስብ ብለውሃል። ደግ ምክር ነው። አንተ ግን ዝም በል እንዳሉህ ቆጠርከው፤ ዝምታህን ያየ ሁሉ ገመናውን ሆድህ ውስጥ አራገፈ። ደግሞስ መቼ ሳትፈርድ ቀረህ? ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር ፍርድ ነው። ፍርዱ ለእኛ ለአንባቢዎች ደረሰ እንጂ ሊሰሙት ለሚገባቸው አልደረሰም። ለጋትስቢ ብቻ፣ ያውም በመጨረሻው ቀን፣ ከነዚያ ሁሉ እሱ እንደሚበልጥ ጮኸህ ነገርከው። ያችን ድፍረት ቀደም ብለህ፣ በዴዚ ባል በቶም ፊትም ብታወጣት!

ክንድህን የጎተተህን ሁሉ አትከተል። ቶም ውሽማውን ሜርትልን ሊያሳይህ ከባቡር ጎትቶ ሲያወርድህ ይሉኝታ ያዘህ። ምሽቱ አንተ ሰክረህ፣ የሜርትል አፍንጫ ተሰብሮ አለቀ። ባቡሩ ላይ «ጉዳይ አለብኝ» ማለት ይበቃ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የሻይ ግብዣው ነው። ጋትስቢ ዴዚን ቤትህ ሻይ ጋብዘህ እንድታገናኘው ሲፈልግ ጥያቄውን ራሱ አላቀረበም፤ በዴዚ ጓደኛ በጆርዳን በኩል ላከብህ። አምስት ዓመት የጠበቀ ሰው የሚለምነው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ መሆኑ አንጀትህን በላው፤ ጥያቄው ትንሽ ስለሆነ መዘዙም ትንሽ መሰለህ። ሣርህን የሚያጭድ ሰው ላከ፣ ቤትህን በአበባ ሞላ፣ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራም ሊሰጥህ አለ። ሥራውን አልፈልግም ማለትህ ንጹሕ ያደረገህ መሰለህ። ኒክ፣ ክፍያውን ነው እንጂ እምቢ ያልከው ጉዳዩን ፈጽመህለታል፤ ያውም በነጻ። ባለትዳር ዘመድህን ዴዚን «ቶምን እንዳታመጪው» ያልካት አንተው ነህ። ከዚያ እነሱ ከቤት፣ አንተ ዝናብ ላይ ዛፍ ሥር ግማሽ ሰዓት! በሌላ ሰው አፍ ለሚመጣ ጥያቄ መልሱ «ባለጉዳዩ ራሱ ይንገረኝ» ነው። ፊት ለፊት ሲጠየቅ ብዙ ነገር ያሳፍራል፤ ማፈሩም ለጠያቂው ይሁን።

ራስህን ሐቀኛ ብለህ አትሹም። ጆርዳን እንደምትዋሽ እያወቅክ ነገሩን አቅልለህ አለፍከው፤ ወዲያው ደግሞ ከማውቃቸው ጥቂት ሐቀኞች አንዱ እኔ ነኝ አልክ። ራሱን እንዲህ የሚያሞግስ ሰው ለአታላይ የተመቸ ነው፤ መጠቀሚያ እየሆነ መሆኑን ለራሱም አያምንም።

የመጨረሻው ስህተት አቋም ይዞ መልቀቅ ነው። ሜርትልን ገጭታ የገደለችውን የጋትስቢን መኪና ትነዳ የነበረችው ዴዚ መሆኗን ከጋትስቢ አፍ ሰምተሃል። ጋትስቢ ከተገደለ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ቶም መንገድ ላይ እጁን ሲዘረጋልህ አልጨብጥም አልከው። ጋትስቢን የገደለውን የሜርትልን ባል ዊልሰንን ወደ ጋትስቢ የላከው እሱ መሆኑንም ራሱ ነገረህ። አንተ እውነቱን ውጠህ፣ ልጅ ያናገርክ ያህል ተሰምቶህ፣ ጨበጥከው። የመጀመሪያው መልስህ ልክ ነበር፤ እዚያው ላይ ጸንተህ መንገድህን መቀጠል ትችል ነበር።