ፊልሙ ልጄን ያስፈራ ይሆን? ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ ልጆቼ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ እቤት ምን ሲታይ እንደዋለ ሰኞ ጠዋት ሳልጠይቅ አውቃለሁ። አንዱ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ «ዞምቢ ነኝ» ይላል። አንዷ ብቻዋን ሽንት ቤት አልሄድም ትላለች። ሌላው እናቱ በር ላይ ስትለየው ቀሚሷን ይዞ አለቅም ይላል። ወላጆቻቸውን ሳነጋግር ግድ የለሽ ሆነው አላገኛቸውም። አብዛኞቹ አስበው፣ መርጠው ነው ያሳዩት። የመረጡበት መለኪያ ግን የአዋቂ ነው፤ ስህተቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

«ካርቱን አይደል? ምን ችግር አለው?»

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ካርቱን ማለት የተሳለ ፊልም ማለት እንጂ የልጆች ፊልም ማለት አይደለም። ለአዋቂ ተብሎ የተሠራ፣ ደም የሚረጭበት ካርቱን ሞልቷል። ፊልም የሚጭን ሱቅ ሄዳችሁ ፍላሻችሁን ሰጥታችሁ «የልጆች ጫንልኝ» ስትሉት፣ ልጁ ካርቱን የሚለውን ፎልደር እንዳለ ይገለብጥላችኋል። አንድ በአንድ አይቶ የሚለይበት ጊዜ የለውም፤ እንዲለይላችሁም መጠበቅ የለባችሁም።

ለልጆች ተብለው የተሠሩትም ቢሆኑ የሚመስሉትን ያህል ለስላሳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ1937 እስከ 2013 የተሠሩ 45 ታዋቂ የልጆች ካርቱኖችን ከአዋቂ ድራማዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። የካርቱኖቹ ዋና ገጸ ባሕርያት የመሞት ዕድል ከድራማዎቹ 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በተለይ የባለታሪኩ እናትና አባት ብዙ ጊዜ ይሞታሉ። ታሪክ ጸሐፊው ልጁን ብቻውን ወደ ጀብዱ ለመላክ ወላጆቹን ገና ከጅምሩ ያስወግዳቸዋል። ለእኛ ይህ የታሪክ መነሻ ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ከዘንዶውም ከጠንቋዩም የሚከብደው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ካርቱን ያየች አንዲት ተማሪዬ፣ እናቷ ለሐሙስ ገበያ በወጣች ቁጥር «ትመለሻለሽ አይደል?» እያለች እስከ አጥር ድረስ ትከተላት ነበር። እናቲቱ ልጅቷ የታመመች መስሏት ነው ያማከረችኝ። ስለዚህ ስለ ፊልሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ጭራቅ አለው?» ሳይሆን «እናት ወይም አባት ይሞታል? ልጅ ይጠፋል?» ይሁን።

ፖስተሩ ላይ ያለውን ምልክት እንደ ዕድሜ መለኪያ መቁጠር

ፒጂ፣ ፒጂ-13፣ አር የሚባሉት የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ለአሜሪካ ወላጆች ያወጧቸው ምልክቶች ናቸው። ፒጂ «ለልጅ ይሆናል» ማለት ሳይሆን «ወላጅ ይወስን» ማለት ነው። እንዲያውም ፒጂ-13 እ.ኤ.አ. በ1984 የተጨመረው ፒጂ ተብለው የታዩ ፊልሞች ትናንሽ ልጆችን አስደንግጠው ወላጆች ስለጮኹ ነው። ምልክቱ ስድብን፣ ራቁትነትን፣ ድብደባን ይመለከታል፤ የእናንተ ልጅ ጨለማ እንደሚፈራ አያውቅም። በፍላሽ ወይም በቴሌግራም የሚመጣው ፊልም ደግሞ ጭራሽ ምልክቱም የለው።

ልጁ የማይገባው ቋንቋ

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ አልሰማም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ነው። የጅማ ልጆች አማርኛና አፋን ኦሮሞ እያፈራረቁ ነው የሚያድጉት። ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው፤ ከሥሩ የሚሮጠው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አረብኛ ነው። የልጆች ፊልም የሚያስፈራውን ነገር የሚያለዝበው በአብዛኛው በንግግር ነው። «አይዞሽ፣ ሕልም ነው» ይላል አንዱ፤ «ይሄ ግዙፉ እኮ ጓደኛችን ነው» ይላል ሌላው፤ ጭራቁ ራሱ ቀልድ ይናገራል። እንግሊዝኛ የሚሰማ ልጅ ይስቃል። የእኛ ልጅ የሚደርሰው የጭራቁ ጥርስና ሙዚቃው ብቻ ነው። ማጽናኛው በሙሉ አለፈው ማለት ነው።

አያት ተረት ስትነግር የልጁን ፊት እያየች ነው። ዓይኑ ሲፈጥ አያ ጅቦን ታሳጥረዋለች፣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ «ጦጢት ግን ብልጥ ስለነበረች…» ብላ ታሻግረዋለች። ፊልም የማንንም ፊት አያይም፤ ይህን ሥራ እናንተ መሥራት አለባችሁ። አጠገቡ ተቀምጣችሁ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፦ «አሁን ትልቁ ዓሣ ይመጣል፣ ግን አይበላውም፤ መጨረሻ ላይ አባቱን ያገኘዋል።» መጨረሻውን ቀድሞ መናገር ለአዋቂ ፊልሙን ማበላሸት ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን ድንጋጤውን ይቀንስለታል፣ ደስታውን አይነካበትም። ልጆች አንድን ካርቱን መጨረሻውን እያወቁ ደጋግመው የሚያዩት ወደው ነው።

ይህን ለማድረግ ጊዜ ከሌላችሁ፣ ማለትም ልጁን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣችሁ ቡና ለማፍላት ወይም እንጀራ ለመጋገር ከሆነ፣ አዲስ ፊልም አትክፈቱለት። የሚያውቀውን፣ ያየውን ክፈቱለት።

በራስ ፍርሃት መመዘን

«እኔ አይቼዋለሁ፣ ምንም አያስፈራም» ይላሉ አባቶች። ልጅና አዋቂ የሚፈሩት ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ በአብዛኛው የሚፈራው ዓይኑ ያየውንና ጆሮው የሰማውን ነው፤ መልክን፣ ድምፅን፣ ድንገት መለወጥን። ትልቅ ልጅ ደግሞ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበውን ይፈራል።

ይህን በሚገባ ያሳየው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆአን ካንተር የልጆችን ፍርሃት ሲያጠኑ ያገኙት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ቴሌቪዥን «ዘ ኢንክሬዲብል ሀልክ» የሚባል ተከታታይ ፊልም ነበር። አንድ ደግ ሰው ሲናደድ ወደ አረንጓዴ ግዙፍ ፍጡር ይለወጥና የተቸገረ ሰው ያድናል። ትልልቆቹ ልጆች የሚጨነቁት ሰውየው አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው፤ ሲለወጥ «ተረፈ» ብለው እፎይ ይላሉ። ትንንሾቹ ግን የሚሸበሩት ልክ ሲለወጥ ነው። ሊያድን እንደመጣ አይታያቸውም፤ የሚታያቸው ፊቱ መበላሸቱና ልብሱ መቀደዱ ነው።

ከዚህ ተነስቼ ለወላጆች የምነግራቸው እንዲህ ነው። ክፉ ሆኖ መልኩ ያማረ ገጸ ባሕርይ ትንሽ ልጅን ብዙ አያስፈራም፤ ደግ ሆኖ መልኩ የከፋ ያስፈራዋል። የሰው ፊት ወደ ሌላ ነገር የሚለወጥበት፣ አሻንጉሊት ነፍስ የሚዘራበት፣ ጭምብል የሚወልቅበት ቦታ ካለ አራትና አምስት ዓመት ላለ ልጅ ይቆይ። በሌላ በኩል ዜና ላይ የሚታይ ጎርፍ ወይም ጦርነት ትንሹ ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል፤ የዘጠኝ ዓመት እህቱን ግን እንቅልፍ ይነሳታል።

«ውሸት እኮ ነው፣ ትወና ነው»

እውነት ነው፣ ውሸት ነው። የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ይረጋጋል። የአራት ዓመቱ ግን «እሺ» ይላችሁና ማታ አብሬያችሁ ካልተኛሁ ይላል። «ውሸት ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መድገም ይችላል፤ ፍርሃቱን ማዘዝ አይችልም። ለእሱ የሚረዳው በአካሉ የሚሰማው ነገር ነው፦ ጭናችሁ ላይ ማስቀመጥ፣ ጋቢ ውስጥ ማስገባት፣ እጁን መያዝ፣ የሚቀመስ ነገር መስጠት፣ መብራት ማብራት። ካረፈ በኋላ ጠዋት ማውራት ይቻላል። ክፍሌ ውስጥ የፈሩትን ነገር እንዲስሉት አደርጋለሁ፤ ከሳሉት በኋላ ኮፍያ ወይም አስቂኝ ጫማ እንጨምርለታለን። ለብዙዎቹ ይሠራል።

ዝናብ፣ መብራትና ሰዓት

የጅማ ክረምት ረጅም ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ንግግር ስለማይሰማ ሁላችንም ሪሞቱን አንስተን ድምፁን እንጨምራለን። የሚያስፈራ ትዕይንት ግን ሆን ተብሎ ዝም ካለ በኋላ በድንገት እንዲጮህ የተሠራ ነው። ንግግሩን ለመስማት የጨመርነው ድምፅ ድንጋጤው ጋ ሲደርስ ሕፃኑን ከመቀመጫው ያስነሳዋል። ከፊልም ፍርሃት ብዙው የሚገባው በጆሮ ነው። ካላመናችሁ አንድ አስፈሪ ትዕይንት ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። በዝናብ ቀን አዲስ ፊልም ባይታይ እመርጣለሁ፤ ከታየም ልጁ ከስፒከሩ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

መብራት መሄዱ ደግሞ ሌላ ነው። ጠንቋይዋ ልጁን ይዛ ዋሻ ስትገባ መብራት ጠፍቶ ቢቀር፣ ልጃችሁ መጨረሻውን ሳያይ፣ ቤቱ ጨልሞ፣ ውጭ ጅብ እየጮኸ ይተኛል። አዋቂ «ያው ልጁ ያመልጣል» ብሎ ይገምታል። ሕፃን አይገምትም፤ ለእሱ ልጁ አሁንም ዋሻው ውስጥ ነው። ሻማው እስኪበራ ሳትጠብቁ የቀረውን በቃላችሁ ጨርሱለት፣ ልጁን ከዋሻው አውጡትና እቤቱ አድርሱት። የፊልሙን መጨረሻ ባታውቁትም የራሳችሁን መጨረሻ ስጡት።

አዲስ ፊልም ከምሳ በኋላ በቀን ብርሃን ይታይ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚታየው የለመደው ይሁን።

በትልቁ ልጅ ልክ መምረጥ፣ ትንሹን ማሳፈር

ሳሎኑ አንድ፣ ቴሌቪዥኑ አንድ ነው። ሪሞቱ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ እጅ ሲሆን የአራት ዓመቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ያንኑ ታያለች። ሁለቱን ለማስማማት አትሞክሩ፤ አይስማሙም። ትልቁ የሚፈልገውን ትንሿ ከተኛች በኋላ ይይ።

ከዚህ የሚብሰው «ወንድ ልጅ አይፈራም» የሚለው ነው። ይህን ቃል የሰማ ልጅ ፍርሃቱን አይተውም፣ መናገሩን ይተዋል። ትልልቅ ወንድሞቹ መሃል ዓይኑን ሳያርገበግብ የተቀመጠውን ልጅ «ጎበዝ፣ አልፈራም» ብላችሁ አትለፉት። ያለቦታው የሚስቅ፣ ውኃ ጠማኝ እያለ የሚነሳ፣ «አለቀ?» እያለ የሚጠይቅ፣ የሸሚዙን አንገት የሚያኝክ ልጅ ፈርቷል። በሩ ክፍት ይሁን፤ «ካልወደድከው ወደ ማድ ቤት ና፣ እኔ እዚያ ነኝ» በሉት። መውጫ እንዳለው የሚያውቅ ልጅ ብዙውን ጊዜ ይቆያል።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ አለማየት

«ደህና አየው እኮ፣ አላለቀሰም» የሚለው ፍርድ ፈጥኖ የሚሰጥ ነው። ፍርሃት አመሻሽ ላይ ወይም ከቀናት በኋላ ብቅ ይላል። ግቢ ጥግ ያለው ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድም ማለት፣ ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት፣ መብራት አይጥፋ ማለት፣ ሌሊት ሊነጋ ሲል እየቃዠ መንቃት፣ አንዱን ትዕይንት ደጋግሞ መጫወት። ጨዋታው ራሱ ጥሩ ነው፣ አትከልክሉት፤ ልጅ ነገሩን የሚፈጨው በዚያ ነው። እንቅልፉና ምግቡ ለሳምንታት ከተቃወሰ ግን ሐኪም ይየው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ልጁ የፈራውን ፍጡር ማስፈራሪያ አታድርጉት። «ካልበላህ ያ ፊልም ላይ ያየኸው ይመጣል» ማለት ለአንድ ጉርሻ ሲባል ጭራቁን ከቴሌቪዥን አውጥቶ ጓዳ ውስጥ ማስገባት ነው። ልጁ «ውሸት ነው» ያላችሁትን ሁሉ ከዚያ በኋላ አያምናችሁም።

ሳያዩ መክፈት

ሙሉውን አስቀድሞ ማየት ለሥራ ሰው ከባድ ነው። ሦስት ቦታ ግን እዩ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች እዩ፣ ወላጅ የሚሞተው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የ90 ደቂቃ ፊልም ከሆነ ከ60ኛው እስከ 80ኛው ደቂቃ ያለውን እዩ፣ ትልቁ ግጭት እዚያ ነው። ከዚያ መጨረሻውን፣ ልጁ ተረጋግቶ የሚለያይበት መሆኑን ለማወቅ። ዩቲዩብ ከሆነ በራሱ ወደ ቀጣዩ የሚያልፍበትን አጥፉት። እ.ኤ.አ. በ2017 ልጆች የሚያውቋቸውን ገጸ ባሕርያት መልክ ተጠቅመው አስደንጋጭ ነገር የሚያሳዩ ብዙ ቪዲዮዎች እዚያ ተገኝተው ነበር፤ የፊት ምስላቸው ግን ንጹሕ የልጆች ካርቱን ነበር የሚመስለው።

ጎረቤት ቤት ዲሽ ካለ ልጃችሁ እዚያ መሄዱ አይቀርም። ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም አትበሉ። «እትዬ፣ የእኔዋ ፊቱ የሚለወጥ ነገር ካየች ሌሊቱን አትተኛም፤ እንደዚያ ያለ ከመጣ ወደ እኔ ስደጂልኝ» ብትሏቸው የሚቀየም ጎረቤት እስካሁን አልገጠመኝም።