ከሥራና ከመንገድ ወደ ጥቁር ሰሌዳ፦ በወሎ ጀማሪ መምህራን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሠራ፣ ከደሴ ባቲ ዕቃ ያመላለሰ ወይም አረብ አገር ቆይቶ የተመለሰ ሰው መምህርነት ሲጀምር ልምዱ ትልቅ ስንቅ ነው። የሚሰናከለውም በዚያው ልምድ ነው።

ልምድን እንደ ወግ ማውራት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ተማሪው ወጉን ይወደዋል፤ ደወል ሲደወል ግን ደብተሩ ባዶ ነው። ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለገጠመኝ ከ3 ደቂቃ በላይ አይስጡ፤ ወዲያው ወደ ጥያቄ ይለውጡት። ሾፌር የነበረ ሰው ከደሴ ወደ ባቲ ሲወርድ ሙቀቱ እንደሚጨምር ያውቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ባቲ 1500 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ 1000 ሜትር በወረዱ ቁጥር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚሞቅ ሰሌዳ ላይ ይጻፉና «ደሴ 18 ዲግሪ ሲሆን ባቲ ስንት ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ስሌቱ 24.5 ይሰጣል። የዕለቱ ልኬት ከዚህ ከራቀ ደግሞ እሰየው፤ ደመናው፣ ነፋሱና ሰዓቱ ለምን እንደለወጡት ማወያየት ይቻላል። ጎማው የት እንደፈነዳ ለሻይ ሰዓት ይቆይ።

እጅ የለመደውን ደረጃ መዝለል። ግንበኛ ለነበረ መምህር 1 ለ 2 ለ 3 ማለት 1 ሳጥን ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው፤ ማብራሪያም የሚያስፈልገው አይመስለውም። ተማሪው ግን «በጠቅላላው 12 ሳጥን ደረቅ ዕቃ ቢኖር ሲሚንቶው ስንት ነው?» ሲባል 12ን ለ3 ያካፍላል፤ የዕቃው ዓይነት ሦስት ነዋ! መጀመሪያ ድርሻዎቹን ያስደምሩ፣ 6 ይመጣል። ቀጥሎ 12ን ለ6 ያስካፍሉ። የተገኘውን 2 በየድርሻው ሲያባዙ 2፣ 4፣ 6 ይሆናል። ጥያቄው ላይ ግን «12 ሳጥን ኮንክሪት» ብለው እንዳይጽፉ፤ አሸዋው በጠጠሩ መሐል ስለሚገባ 12 ሳጥን ደረቅ ዕቃ ተቦክቶ 12 ሳጥን አይወጣውም።

ፎርማንነትን ይዞ መግባት። ሳይት ላይ ጩኸት ሥራ ያፋጥን ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ የሚያመጣው ጸጥታ ብቻ ነው። ይጠይቁ፣ ቢያንስ 3 ሴኮንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ስም ይጥሩ። ስሙ ቀድሞ ከተጠራ ሌላው ተማሪ ማሰቡን ይተወዋል።

የገበያ ቀንን መርሳት። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ሰኞ ፈተና ያወጣ መምህር ማክሰኞ ለቀሩት ሌላ ፈተና ሲያዘጋጅ ይውላል። ነጋዴ የነበረ ሰው እንዲህ ሲሳሳት ያስገርማል።

አረብ አገርን በደመወዝ ብቻ መንገር። 7ኛና 8ኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚይዘው የገንዘቡን ቁጥር ነው። ደመወዝ ከተነሣ ሙሉው ሒሳብ ይነሣ፦ የደላላ ዕዳ፣ የሐዋላ ክፍያ፣ ሳይከፈሉ የቀሩ ወራት። ልጆቹ ራሳቸው ይቀንሱና የሚተርፈውን ያግኙ።

ወረቀት ሳይዙ መልቀቅ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ የሥራ መደቡን፣ ደመወዙን፣ የሥራ ግብር መከፈሉን፣ ፊርማና ማኅተምን ይይዝ። ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ማኅተም ፍለጋ መዞር ከባድ ነው። ደብዳቤው የማስተማር ሥልጠናን እንደማይተካም ይወቁ፤ ለዚያ ደሴም ወልዲያም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላቸው። የትኛው ልምድ እንደሚያዝልዎት ግን የቀድሞውን ሥራ ከመልቀቅዎ በፊት የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።