ቲማቲሙ ባንዴ ሲቀላብኝ

አምና ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ካለው ጓሯችን 40 የቲማቲም ችግኝ በአንድ ቀን ተከልኩ። ጥር ላይ ሁሉም ባንዴ ቀላ። ወጥ ሠራን፣ ስልስ ሠራን፣ ለጎረቤት አደልን። የተረፈውን ቅዳሜ ገበያ ብወስደው ሰው ሁሉ ቲማቲም ይዞ ወጥቷል። ግማሹ ዘንቢል ውስጥ በሰበሰ።

ዘንድሮ ዘሩን ከፋፈልኩት። የመጀመሪያውን ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ አፈላሁ። ቀጣዮቹን በየ3 ሳምንቱ። ክረምት ላይ አልሞክረውም፤ እርጥበቱ በሽታ ያመጣል።

ያለፋኝ የተረፈውን ቲማቲም ማድረቁ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሻገተ። አወፍሬ ቆርጬ፣ ማታም ውጭ አሳድሬው ነበር። ቀን የደረቀውን ጤዛ መልሶ ያረጥበዋል። ጎረቤቴ እማማ አይተው "ልጄ፣ በርበሬስ ቢሆን ውጭ ታሳድሪያለሽ?" አሉኝ። አፈርኩ።

አሁን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አሳንሼ እቆርጣለሁ። ፍሬውንና ውሃውን አወጣለሁ፣ ጨው ነስነስ አድርጌ ሰፌድ ላይ አሰጣለሁ፣ ሻሽ አለብሰዋለሁ (ዝንቡ መቼ ያስቀምጣል!)። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ቤት። በ4ኛው ቀን ግድም እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል፤ ሲጫኑት ውሃ አይወጣውም። ያኔ ክዳን ያለው ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። አንድ ሳምንት በየቀኑ አየዋለሁ። ጠርሙሱ ከውስጥ ካላበው እንደገና ፀሐይ ላይ።

ለዐቢይ ጾም ሽሮ ሁለት ሦስት ቁራጭ ጣል አደርግ ነበር። ፋሲካ አልፎም 3 ጠርሙስ ቀርቶኛል።