መርከቧ አሁን ያለችበትን ሳይሆን የምትደርስበትን እዩ፦ የፉል ትረስት ጀማሪዎች ስህተቶች

ፉል ትረስት የሚባለውን፣ በትንንሽ ሞዴሎች ጠረጴዛ ላይ የሚካሄደውን የጠፈር መርከቦች ውጊያ ጨዋታ ለአዲስ ሰው ሳሳይ ሁሌ የሚገጥመኝ አንድ ነገር አለ። ደንቡን ቶሎ ይይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ግን የጠፈር መርከቡን እንደ መኪና መንዳት ይጀምራል።

ለማታውቁት፦ ጨዋታው የጆን ታፍሊ ሥራ ነው፤ ያወጣው እንግሊዝ አገር ያለው ግራውንድ ዜሮ ጌምስ ነው። ሁለተኛው እትም በ1992 እ.ኤ.አ. ወጣ። ደንቡን ዛሬ በነፃ ማውረድ ይቻላል። የብረት ሞዴል መግዛት ግዴታ አይደለም። የመርከቧ አፍንጫ በየት በኩል እንደሆነ የሚያሳይ ቀስት የተሳለበት ቆርኪም ይሠራል።

ፍጥነትን መናቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጨዋታ የሚበላሸው በዚህ ነው።

ፍጥነት ከዙር ወደ ዙር ይሻገራል። መርከቧ በዚህ ዙር 12 ኢንች ከሄደች፣ ምንም ካላዘዛችኋት በሚቀጥለውም ዙር በ12 ትሄዳለች። ፍሬን የሚባል ነገር የለም። የሞተር ኃይሏ 4 ከሆነ በአንድ ዙር የምትጨምሩት ወይም የምትቀንሱት ቢበዛ 4 ነው። ከዚያው ከ4ቱ ላይ ለመዞር የሚፈቀደው ደግሞ 2 ብቻ ነው። አንድ ነጥብ 30 ዲግሪ ያዞራል።

እስቲ አስሉት። ይህችው መርከብ በ20 ኢንች እየበረረች ልቁም ብትል አምስት ዙር ይፈጅባታል። እስክትቆም 40 ኢንች ትጓዛለች። ፊቷን ወደ ኋላ ለማዞር ሦስት ዙር ያስፈልጋታል፤ በ20 ፍጥነት ይህ 60 ኢንች መንገድ ነው። የተለመደው ጠረጴዛ 72 በ48 ኢንች ነው። ታዲያ የት ላይ ልትዞር ነው?

አንድ ጓደኛዬ የሞተር ኃይሉ 2 የሆነ ግዙፍ መርከብ ይዞ ገባ። ቶሎ ልድረስ ብሎ በየዙሩ +2 እያለ ይጽፋል። ባላጋራው ትንንሾቹን መርከቦች ለሁለት ከፍሎ ግራና ቀኝ አሸሻቸው። ግዙፉ በመሃል ሰንጥቆ አለፈ፣ አንዴ ተኮሰ፣ በቃ። ከዚያ ሁሉም ከኋላው መጡበት። በዚያ ዙር ዋና ሞተሩን የተጠቀመ መርከብ ወደ ኋላ መተኮስ አይችልም። እሱ ደግሞ ለመዞር ሞተሩን መጠቀም ነበረበት። በዙር አንድ ነጥብ ብቻ ስለሚዞር ፊቱን ለመመለስ ስድስት ዙር ያስፈልገው ነበር። ሳይመለስ ከጠረጴዛው ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ሁሉ ጠንካራው መርከብ እሱ ነበር! እንዲህ ዓይነቱን ነገር ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እባካችሁ ከ6 እስከ 8 ባለው ፍጥነት ጀምሩ። ጠላት ራሱ ይመጣል። የቤታችሁ ጠረጴዛ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ኢንቹን ትታችሁ በሴንቲ ሜትር ተጫወቱ። ደንቡ ይፈቅዳል፣ ጨዋታውም ይሰፋል።

ጠላት አሁን ባለበት ማነጣጠር

ትእዛዝ የሚጻፈው በምስጢር ነው። መርከቦች የሚንቀሳቀሱት ሁሉም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው። ጀማሪ ግን ጠላት የቆመበትን አይቶ ወደዚያው ይጽፋል። ሲደርስ ባዶ ቦታ ይጠብቀዋል። ሚሳይል ላይ ይብሳል። ሚሳይሉን እስከ 24 ኢንች ርቀት ታስቀምጡታላችሁ፣ ከዚያ መርከቦች ይንቀሳቀሳሉ፣ ከዚያ በ6 ኢንች ውስጥ የተገኘውን ይመታል። ስለዚህ የጠላትን ፍጥነት ጠይቁ፣ የሞተር ኃይሉን እዩ፣ ቢዞር የት ሊደርስ እንደሚችል በመለኪያ ሜትር ለኩ። ከባድ መርከብ ብዙ ምርጫ የለውም፤ ሚሳይላችሁን ለእሱ አቆዩለት።

የተድበሰበሰ ትእዛዝ

«ግራ» ብሎ ጽፎ፣ የሌላው እንቅስቃሴ ሲታይ «ሁለት ማለቴ ነበር» ማለት አይቻልም። እኛ ጋ ያልጠራ ትእዛዝ ያለው መርከብ በያዘው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አከራካሪ የለውም።

«ግ2 +2» ብላችሁ ጻፉ፤ ሁለት ነጥብ ወደ ግራ፣ ፍጥነት በ2 ይጨመር ማለት ነው። በ12 የነበረችው መርከብ አሁን በ14 ትሄዳለች። አንድ ነጥብ ወደ ግራ ትዞራለች፣ 7 ትሄዳለች፣ ሌላ አንድ ነጥብ ትዞራለች፣ ቀሪውን 7 ትሄዳለች። ሁለቱንም ነጥብ መጀመሪያ ላይ አዙሮ 14 መሄድ ስህተት ነው። መድረሻዋ በጣም ይለያያል።

ተኩስን መበተን

ጀማሪ ሁሉንም ጠላት ትንሽ ትንሽ መቧጨር ይወዳል። ምንም አይጠቅምም። የመርከብ አካል ወረቀት ላይ በአራት ረድፍ ሣጥን ይከፈላል፤ ጉዳት በደረሰ ቁጥር ሣጥን ይሰረዛል። የመጀመሪያው ረድፍ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ዳይስ ይጣላል፤ 6 የወጣበት ይበላሻል። ሁለተኛው ረድፍ ሲያልቅ 5 እና 6፣ ሦስተኛው ሲያልቅ ከ4 ጀምሮ። መድፍና ሞተር የሚጠፋው ረድፍ ሲያልቅ ነው እንጂ ሲጋመስ አይደለም። ረድፋቸው የተጋመሰ ሦስት መርከቦች እንዳልተነኩ ሆነው ይተኩሱባችኋል። አንዷን ምረጡና እስክትደክም ሁላችሁም እሷን ምቱ።

ርቀትም አለ። ደረጃ 2 የሆነ የጨረር መድፍ እስከ 12 ኢንች ድረስ ሁለት ዳይስ ይጥላል፣ ከዚያ እስከ 24 ድረስ አንድ ብቻ። በ13 ኢንች ላይ መቆም ግማሹን ጉልበት መጣል ነው።

የተኩስ ተራ

ተኩስ በየተራ አንድ አንድ መርከብ ነው፣ ጉዳቱም ወዲያው ይቆጠራል። መጀመሪያ የሚተኩሰው ሊመታባችሁ የተቃረበው ይሁን። ጤነኛው ይቆይ።

ልኬት

ከመቆሚያው ዘንግ ለኩ፣ ከአፍንጫው አይደለም። ሜትሩ ሞዴሎቹን እንዳይጥል አንድ ሰው ብቻ ይያዘው።

ብዙ መርከብ

አዲስ ሰው ስትጋብዙ ያላችሁን ሞዴል ሁሉ አትዘርግፉ። አንድ ትልቅና ሁለት ትንንሽ ስጡት። አሥር መርከብ የያዘ ጀማሪ ትእዛዝ ሲጽፍ ሌላው ቡናውን ጨርሶ ስልኩን ይከፍታል። ሦስት የያዘ ግን በአንድ ምሽት ተሸንፎ ሁለተኛ ጨዋታ ይጠይቃል፤ ያኔ አራተኛዋን ጨምሩለት።