ብርቅ የዕብራይስጥ የቤተሰብ ስም ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ የ«ኻርላፕ» ጉዳይ

በእስራኤል ኮኸን፣ ሌዊና ሚዝራሒ የሚሉት የቤተሰብ ስሞች እንደ እኛ አገር ከበደና ተስፋዬ በየደረሱበት ይገኛሉ። ኻርላፕ ግን ብርቅ ነው። ብርቅ ስም ደግሞ ወሬ ይስባል። ስለ መነሻውና ስለ ተሸካሚዎቹ ብዛት ብዙ ይባላል፤ ከሚባለው ውስጥ ሲመረመር የሚጸናው ጥቂት ነው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከችኮላ ነው። ሰው ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ይጣደፋል፤ መቼ፣ የት፣ በየትኛው መዝገብ ላይ እንደተጻፈ ለመጠየቅ ግን ትዕግሥት ያጥረዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መዝገበ ቃላት ገልጦ መጀመር

ኻርላፕን በዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቃል አይደለምና። አጻጻፉን አስተውሎ ያየ ሰው ግን ይህን ሳይነገረው ይደርስበታል። ስሙ ሔት፣ ሬሽ፣ ላሜድና ፔ በሚባሉ አራት ፊደላት ይጻፋል፤ ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት ከፍ ብለው ሁለት ትንንሽ ጭረቶች ይቀመጣሉ። በዕብራይስጥ እነዚህ ጭረቶች የምህጻረ ቃል ምልክት ናቸው። ሲዘረዘር «ኺያ ሮሽ ለጋሉት ፖሊን» ይሆናል፤ ኺያ የተባለ ሰው፣ በፖላንድ በስደት ለሚኖረው ሕዝብ አለቃ የሆነ፣ ማለት ነው።

እንዲህ የተሠሩ የአይሁድ ስሞች ብዙ ናቸው። ካትዝ «ኮኸን ጼዴቅ» ከሚለው የመጣ ሲሆን የጽድቅ ካህን ማለት ነው። ባባድ የረቢዎች ፍርድ ቤት አለቃ ልጆች የሚለውን ሐረግ ያሳጥራል። ካትዝን በጀርመንኛ መዝገበ ቃላት የፈለገ ሰው ድመት ላይ ይደርሳል፤ በዚህ መንገድ ስንቱ የካህናት ቤተሰብ የድመት ዘር ሆኖ እንደተጻፈ ፈጣሪ ይወቀው።

የምህጻረ ቃሉን ፍች እንደ ሰነድ መቀበል

መዝገበ ቃላቱን የተሻገረ ሰው ቀጥሎ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኸው ነው። ፊደላቱ ተዘርዝረው ትርጉም ስለሰጡ ብቻ ታሪኩ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ዛክስ የሚባለውን ስም እንመልከት። የጀርመኗ ሳክሶኒ ሰው ማለት መሆኑ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ በኋላ ሰዎች ፊደላቱን ለያይተው «የቅዱስ ዘር» የሚል ፍች አበጁለት። ስሙ ቀደመ፤ ፍቹ ተከተለ። በኻርላፕ ላይ ጭረቶቹ ምህጻረ ቃል መሆኑን ይደግፋሉ፤ ኺያ ማን ነበር የሚለው ጥያቄ ግን በጭረት አይመለስም።

የቤተሰቡ ትውፊት ኺያን ከፖርቱጋል ኢብን ያህያ ቤተሰብ ጋር፣ በዚያም በኩል ከንጉሥ ዳዊት ጋር ያገናኘዋል። ኢብን ያህያዎች በእርግጥ ነበሩ፤ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን በኢጣልያ የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ጌዳልያ ኢብን ያህያ ከእነሱ አንዱ ነው። የፖርቱጋል ንጉሥ በ1496 አይሁድ እንዲወጡ ማዘዙ፣ በተከታዩ ዓመትም በግድ እንዲጠመቁ መደረጋቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ከዚያ ተሰድዶ ፖላንድ የደረሰ ሰው መኖሩ ተአምር አይደለም። የሚጎድለው ትውልድን ከትውልድ እያያዘ የሚወርድ ጽሑፍ ነው። ማዕረጉም ቢሆን ያጠራጥራል፤ የስደት አለቃ የሚባለው ሹመት የሚታወቀው በባቢሎን ነበር። የፖላንድ አይሁድ ጉዳያቸውን የሚመክሩት የአራቱ ምድሮች ጉባኤ በሚባል ሸንጎ ሲሆን፣ እሱም በ1764 በፖላንድ ምክር ቤት ውሳኔ ፈርሷል። አለቃ የሚለው ቃል ከሹመት ይልቅ የክብር አጠራር ቢሆን አይገርመኝም።

ወደ ዳዊት የሚወጣ የዘር ሐረግ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የ1955ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥታችን የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰለሞን ያወርድ ነበር። እንዲህ ያለ ሐረግ ሰዎች ራሳቸውን እንዴት እንደሚያዩ ብዙ ያስተምራል። የልደት መዝገብ ግን አይተካም።

የስሙን ዕድሜ ከሕዝቡ ዕድሜ ጋር ማምታታት

አብዛኞቹ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ እስከ አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። እንደ እኛው በአባት ስም ይጠሩ ነበር፤ ያዕቆብ የይስሐቅ ልጅ ማለት ይበቃል። ቋሚ ስም ያስገደደው ግብር የሚቆጥርና ወታደር የሚመለምል መንግሥት ነው። የኦስትሪያው ዮሴፍ ሁለተኛ በ1787 አዘዘ። ሩሲያ በ1804፣ ናፖሊዮን በ1808፣ ፕሩሲያ በ1812፣ በሩሲያው ዛር (ንጉሠ ነገሥት) ሥር የነበረው የፖላንድ መንግሥት በ1821 ተከተሉ። የረቢ ቤተሰቦች ከሕጉ በፊትም ስም መያዝ ያዘወትሩ ነበር፤ ኻርላፕም ከዚህ ወገን ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ስሙ ከሕጉ በፊት ነበረ የሚል ሰው ከሕጉ በፊት የተጻፈ ወረቀት ማሳየት አለበት።

የስሙ ዋና አገር ሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ፣ በቢያሊስቶክ ዙሪያ ያለው አውራጃ ነው። አይሁድ ቲክቲን የሚሏት፣ በ1642 የተሠራው ምኩራብ እስከ ዛሬ ቆሞ የሚታይባት ቲኮቺን በዚሁ አካባቢ ትገኛለች። በፖላንዱ መንግሥት ውስጥ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦች እስከ 1868 ድረስ በፖላንድኛ፣ ከዚያ በኋላ በሩሲያኛ ተጽፈዋል። በ1867 የተወለደ ልጅ በላቲን ፊደል፣ በ1869 የተወለደው ታናሽ ወንድሙ በሩሲያ ፊደል ተመዝግቦ ቢገኝ የተለያዩ ቤተሰቦች ሆነው አይደለም። የተለወጠው የጸሐፊው ቋንቋ ነው።

በአንድ አጻጻፍ ብቻ መፈለግ

ብዙ ምርመራ ሳይጀመር የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የሔት ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣ «ኽ» ነው። ፖላንዶች ይህን ድምፅ «ሲ» እና «ኤች» የሚባሉትን የላቲን ፊደላት አጣምረው ይጽፉታል። መካከል ላይ ያለችውን «ኤል» ደግሞ አንዳንዴ ጭረት ያሳልፉባታል፤ ጭረት ያለባት ኤል በዛሬው ፖላንድኛ «ው» ተብላ ስለምትነበብ ስሙ ኻርዋፕ ይሆናል። ያው አጻጻፍ አሜሪካ ሲደርስ አንባቢው ቻርላፕ ወይም ሻርላፕ ይለዋል። ከሩሲያ ፊደል ወደ ላቲን የተመለሰው «ኬ» እና «ኤች» ይዞ ይመጣል። በእስራኤል ፓስፖርት ላይ በ«ኤች» ብቻ ጀምሮ ሃርላፕ ሆኖ ይገኛል። በኢየሩሳሌም መርካዝ ሃራቭ የተባለው የሺቫ (የአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት) መሪ የነበሩት ረቢ ያዕቆብ ሞሼ ኻርላፕ በ1951 አርፈዋል፤ በአሜሪካ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ቢል ቻርላፕና የብሮድዌይ ሙዚቃ ደራሲ የነበረው አባቱ ሙስ ቻርላፕ ይታወቃሉ። የሁለቱን አገር ስም ጎን ለጎን ያነበበ ሰው መነሻ ቃሉ አንድ መሆኑን አይገምትም።

የአሜሪካ መንግሥት መዛግብት የሚጠቀሙበት ሳውንዴክስ የተባለ የድምፅ መለያ ዘዴ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ያስቀምጥና የቀሩትን ተነባቢዎች በቁጥር ይለውጣል። በዚህ ስሌት ሦስቱ አጻጻፎች ሲ 641፣ ኤች 641 እና ኬ 641 ይሆናሉ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ መሳቢያው ግን ሦስት ነው። በ1985 ለምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ስሞች የተዘጋጀው የዴይችና ሞኮቶፍ ዘዴ የመጀመሪያውንም ፊደል በድምፁ ስለሚቆጥር ሦስቱንም 598700 በሚል አንድ ቁጥር ሥር ይሰበስባቸዋል። አናባቢ ስለማይቆጥር ቻርሊፕ የሚባለውም ዘመድ አጻጻፍ አብሮ ይገባል። እንደ ጁዊሽጀን ባሉ የአይሁድ የዘር ጥናት መድረኮች ላይ ይህን የፍለጋ ምርጫ ሳይነኩ ስሙን ብቻ ጽፎ «አልተገኘም» ማለት የፍለጋውን ግማሽ መተው ነው።

ስም አንድ ከሆነ ደምም አንድ ነው ማለት

የፍለጋው መረብ ሲሰፋ ግን የማይገባውም ዓሣ ይገባል። በቤላሩስ አይሁድ ያልሆኑ ሰዎችም ኻርላፕ ይባላሉ። ኻርላምፒ የሚለው የኦርቶዶክስ የክርስትና ስም ሲያጥር እዚሁ ድምፅ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ኺያም ስደትም በነገሩ ውስጥ የሉበትም። መዝገቡ የማን ማኅበረሰብ እንደሆነ፣ የወላጆች ስም ምን እንደሆነ ሳያዩ ሰው ማያያዝ አደጋ አለው።

በአንድ የአይሁድ ከተማ ውስጥ እንኳ ስም ሁልጊዜ ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም። በኦስትሪያ ሥር በነበረችው ጋሊሲያ ብዙ ጥንዶች በሃይማኖት ሥርዓት ብቻ ይጋቡ ስለነበር መንግሥት ጋብቻውን አይቆጥረውም፤ ልጆቹም በእናታቸው የቤተሰብ ስም ይመዘገቡ ነበር። የታወቀ ረቢ ልጅ ያገባ ወጣት የአማቱን ስም መውሰዱም ያጋጥማል። ከ1874 በኋላ ደግሞ የሩሲያ የምልመላ ሕግ ለቤተሰቡ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ የሆነውን ከውትድርና ነፃ ያደርግ ነበር። ወንድማማቾችን በተለያየ ስም አስመዝግቦ ሁሉንም «አንድያ ልጅ» ማድረግ በየቤተሰቡ ትውስታ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ ዘዴ ነው። አባትን ማን ይወቅሰዋል?

ኤሊስ ደሴት ላይ ስማችን ተቀየረ

ይህ አፈ ታሪክ በቶሎ ይታለፍ። ከ1892 እስከ 1954 የሠራው የኒው ዮርኩ መቀበያ ጣቢያ ስም አይሰጥም ነበር። ሠራተኞቹ የሚያመሳክሩት አውሮፓ ላይ መርከብ ሲሳፈሩ የተሞላውን የተሳፋሪ ዝርዝር ነው። ስሙ የተለወጠው በኋላ በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት ወይም በዜግነት ማመልከቻ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰነዱም የሚፈለገው እዚያ ነው።

ዕብራይስጥ ሁሉ የተወረሰ ነው ብሎ ማሰብ

በእስራኤል ያለ ብርቅ የዕብራይስጥ ስም ሰባት ትውልድ ሊኖረው ይችላል፤ ሰባ ዓመት ብቻ ሊኖረውም ይችላል። ዳቪድ ቤን ጉሪዮን ግሩን ተብሎ ተወለደ። ጎልዳ ሜየርሰን በ1956 ጎልዳ ሜየር ሆነች። መሪዎቹ የውጭ አገር ስማቸውን ሲጥሉ መኮንኑም፣ ዲፕሎማቱም፣ መምህሩም ተከተለ፤ አንዳንዱ የድሮ ስሙን የሚመስል ድምፅ መረጠ፣ አንዳንዱ ጨርሶ አዲስ ፈጠረ። ስለዚህ ስሙ ብርቅ የሆነው ተሸካሚዎቹ ስላለቁ ነው ወይስ አንድ ሰው ለራሱ ስላበጀው ነው የሚለው ቀድሞ መለየት አለበት። ኻርላፕ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ከስደት ጋር አብሮ የገባ እንጂ በአገሩ የተፈጠረ አይደለም።

ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ይህን ጉዳይ በተቃራኒው ያሳያል። በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ሲገቡ፣ የምዝገባው ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቅ ነበር። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በብዙዎች ላይ የአያት ስም በቦታው ገባ፣ የራሳቸውም ስም በዕብራይስጥ ተተካ። አባትና ጎልማሳ ልጅ ተለይተው ሲመዘገቡ የቤተሰብ ስማቸው ሊለያይ ይችላል፤ የአባትየው አያት ሌላ፣ የልጁ አያት ሌላ ናቸውና። ዕብራይስጥ በተለምዶ አናባቢ ስለማይጽፍ ያው የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲመለስ ሁለት ሦስት መልክ ይይዛል። ነገ አንድ ተመራማሪ «ይህ ስም ከ1984 በፊት በየትም አገር የቤተሰብ ስም ሆኖ አይገኝም» ቢል እውነቱን ነው፤ ሰዎቹ ግን ከዚያ በፊት ጎንደር ነበሩ።

ቁጥርና ካርታን እንዳለ ማመን

«በዓለም ላይ ይህን ያህል ኻርላፖች አሉ» የሚል ቁጥር ሲያጋጥምዎ ከየትኛው አጻጻፍ የተቆጠረ እንደሆነ ይጠይቁ። ከላይ ያየናቸው አጻጻፎች እንደ ተለያዩ ስሞች ይቆጠራሉ፤ የዕብራይስጡም ለብቻው ይቀራል። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በአንድ አገር ከተገኘ ዝርዝር ተነስቶ የተባዛ ግምት ነው። አግብተው ስም የቀየሩ ሴቶች አይገቡበትም።

የስርጭት ካርታ ደግሞ ሌላ ሐዘን አለበት። ዛሬ ስሙ የሚገኘው በተለይ በእስራኤልና በአሜሪካ ነው። ካርታውን ብቻ ያየ ሰው መነሻውን እዚያ ይፈልጋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በፖላንድ 3.3 ሚሊዮን ያህል አይሁድ ነበሩ፤ 3 ሚሊዮን ያህሉ በናዚዎች የጅምላ ፍጅት ተገደሉ። የቲኮቺን አይሁድ በነሐሴ 1941 በአቅራቢያቸው ባለው የዎፑሆቮ ጫካ ውስጥ በሁለት ቀን ተረሸኑ። ካርታው በዚያ አካባቢ ባዶ የሆነው ስሙ ስላልነበረ አይደለም። በእስራኤል የፍጅቱ ሰለባዎች መታሰቢያ የሆነው ያድ ቫሼም የሚያሰባስባቸው የምስክርነት ገጾች ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ገጽ የአንድ መስካሪ ቃል ስለሆነ አንዱ ሟች በእህቱም በጎረቤቱም ተመዝግቦ ሁለት ጊዜ ሊገኝ ይችላል። ገጾቹን ደምሮ የሟቾችን ቁጥር ማውጣት አይቻልም።

የመቃብር ድንጋይ ላይ ያለውን ዓመት ሳይጠነቀቁ መገልበጥ

በድሮ የመቃብር ድንጋይ ላይ የቤተሰብ ስም ላይጻፍ ይችላል፤ የሟቹና የአባቱ ስም ግን አይታለፍም። ዓመቱ የሚጻፈው በፊደል ነው፤ ታቭ 400፣ ሬሽ 200፣ ዓይን 70፣ ዳሌት 4 ተደምረው 674 ይሆናሉ። አምስቱ ሺህ ሳይጻፍ ስለሚታወቅ ዓመቱ 5674 ነው። ከዚህ ላይ 3760 ቀንሶ 1914 ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ የዕብራውያን ዓመት የሚገባው እንደ እኛው በመኸር ስለሆነ 5674 ከ1913 መስከረም መጨረሻ በኋላ ይጀምርና እስከ 1914 መስከረም ይዘልቃል። በኅዳር የሞተ ሰው በ1913 ነው የሞተው። በመስከረምና በጥር መካከል 7 እና 8 ልዩነትን ማፈራረቅ የለመደ ኢትዮጵያዊ ይህን ለማስላት አይቸገርም፤ ወሩን ማንበቡን ካልረሳ።