ሚኒሞን በፒአይዲ መቆጣጠር፦ ኮዱን ራሳችሁ ለምትጽፉ

ሞተሩ ሞቋል፣ ነዳጅ መስጫው አልተረገጠም፣ በደቂቃ 750 ዙር ላይ ረግቶ እንዲቆይ እንፈልጋለን፤ ሚኒሞ ማለት ይሄ ነው። ይህን የምናደርገው በሞተሩ ኮምፒውተር ኮድ ውስጥ በፒአይዲ ነው፤ ከዒላማው ያለውን ልዩነት እያየ የሚያስተካክል፣ ፒ፣ አይ (ኢንተግራል) እና ዲ የሚባሉ ሦስት ክፍሎች ያሉት ስሌት ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ኤሲ ሲበራ ወይም መሪ ሲጠመዘዝ ዙሩ ዘጭ ይላል፤ ቶሎ ካልደረስንለት ሞተሩ ይጠፋል።

ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ትሮትል ቦዲውን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን ክፍል) አጽዱ፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ካለም ቀይሩ። ቆሻሻ በሒሳብ አይጠራም።

መጀመሪያ አየሩ። ዙሩ ከ750 ምን ያህል እንደራቀ አስሉና በአንድ ቁጥር አባዝታችሁ የአየር ቫልቩን በዚያ ልክ ክፈቱት ወይም ዝጉት፤ ፒ የሚባለው ይሄ ነው። ብቻውን ግን ጭነት ሲመጣ 710 አካባቢ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ቀሪዋን የሚያጠፋት ልዩነቱን እያጠራቀመ የሚሄደው ኢንተግራል ነው።

ችግሩ አየር ይዘገያል። በ750 አንድ ዙር 80 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሲሊንደር የገባው አየር ተጨምቆና ነዶ ጉልበት እስኪሰጥ አንድ ዙር ያህል ያልፋል፣ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) እስኪሞላ የሚፈጀው ደግሞ ለብቻው ነው። ይህን ረስታችሁ ቁጥሮቹን ካበዛችኋቸው ዙሩ ከፍ ዝቅ እያለ ያሳብዳችኋል።

ስለዚህ ፈጣኑን ሥራ ለካንዴላው ስጡት። እሳቱን ከምርጡ ነጥብ ጥቂት ዲግሪ አዘግይታችሁ አቆዩት። ዙሩ ሲወርድ ስታስቀድሙት ጉልበቱ በቀጣዩ ቃጠሎ ይመጣል። ትንሽ ነዳጅ ይበላል፣ ግን ያዋጣል። እዚህ ላይ ፒ ብቻ ይበቃል፤ ኢንተግራሉን ለአየሩ ተዉት፣ አለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ።

ኤሲውን ደግሞ ዙሩ እስኪወርድ አትጠብቁት። ቁልፉ ሲጫን አየሩን ቀድማችሁ ክፈቱ፣ ከዚያ ኮምፕረሰሩ ይያዝ። በእኔ እይታ ከማንኛውም የቁጥር ማስተካከል በላይ የሚጠቅመው ይሄ ነው።

ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ኢንተግራሉን አቁሙት! 3000 ዙር ላይ ማጠራቀሙን ከቀጠለ ቫልቩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል፣ እግር ሲነሳ ሞተሩ ድርግም ይላል። ሦስተኛውን ክፍል፣ ዙሩ የሚለዋወጥበትን ፍጥነት የሚያየውን «ዲ»፣ ብትተዉት ይሻላል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲተኩስ ዙሩ ስለሚንቀጠቀጥ ያንን እያባዛ ያስቸግራል።

ቁጥሮቹን ስትመርጡ ኢንተግራሉን ዜሮ አድርጋችሁ ዙሩ መወዛወዝ እስኪጀምር ፒን ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ መልሱት፣ ኢንተግራሉን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ኤሲ፣ የፊት መብራትና መሪ በአንድ ጊዜ ሞክሩ፤ አውቶማቲክ ከሆነም ፍሬን ረግጣችሁ ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ 750 አይበቃውም፣ ዒላማውን ከፍ አድርጋችሁ እየሞቀ ሲሄድ አውርዱት።